ሐኪም ያዘዘው ለቅሶ

«እናትህን ከመንገድ ያስቀረህ አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው አይደለም» አለችኝ አዴ ጡሜ ደጃችን ላይ ቆማ፣ ፊት ለፊቴ። ጎረቤታችን አዴ ጡሜ ቦረና ናት፤ አማርኛዋን የለቀመችው ከገበያ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፣ እናም እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሷ አፍ ወንድ ሆኜ ኖሬያለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ያወጣሁትን የእናቴን ሸራ ጫማ በእጄ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ከኢሲዮሎ ከተማ የመጣሁት ለአራት ቀን ነበር። እዚያ ስልክ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እናቴ ቤት ደርሼ ሻዩን እንኳ ሳልጨርስ መጥረጊያ አንስቼ አልጋ ሥር ገባሁ፣ ጫማውንም እዚያ አገኘሁት። ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ቀለሙን እንጃ። ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ሳደርገው ግን የሞያሌ ቀይ አቧራ፣ የቫዝሊንና የላብ ሽታ አንድ ላይ መጣና ሰባተኛ ክፍል መለሰኝ።

ያኔ እናቴ፣ ሞያሌ በኬንያ በኩል፣ የጭነት መኪናዎች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት ሆቴል ነበረቻት። ሆቴል ስላልኩ አልጋ ያላት እንዳይመስላችሁ፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ጥብስ፣ ከዚያ ከጠዋት እስከ ማታ ሻይ ነው። ከኢትዮጵያ በኩል የሚመጣው ሾፌር ሻዩን በቅመም ይፈልገዋል፣ ከናይሮቢ የሚመጣው በወተት፣ ከኡራን መንደር የሚመጣው ከብት ነጋዴ ደግሞ ማንኪያው ስኳሩ ውስጥ ተተክሎ ካልቆመለት ሻይ ጠጣሁ አይልም፤ እናቴም ለሁሉም እየቀመሰች ነበር የምታቀርበው። በቀን ስንት ብርጭቆ እንደምትቀምስ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። መቅመስ ደግሞ በእሷ ቤት መጠጣት አይደለም። ጾም ሲገባ ወተቱ ይቀርና፣ የቀረውን ለመካስ ነው መሰለኝ፣ ስኳሩ በእጥፍ ይጨመራል።

ከዚያ ውሃ ውሃ ማለት ጀመረች። በሥራ መሃል ጉንዳን የወረራት ይመስል እግሯን ታሻሻለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ዲስፔንሰሪው፣ ትንሿ ጤና ጣቢያ፣ ይዛኝ ሄደች፤ እንድደግፋት አይደለም፣ እንዳስተረጉምላት ነው። የእናቴ ስዋሂሊ ሥጋ ለመግዛትና ሾፌር ለመስደብ በቂ ነው፣ ለበሽታ ግን አይበቃም። ዳክታሪው፣ ሐኪሙ ማለት ነው፣ ድምፁ የለሰለሰ ወጣት ነበር። ስኳር እንዳለባት፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ እንድትውጥ፣ ሻይዋን ያለ ስኳር እንድታደርግ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግሯ እንድትሄድ፣ ባዶ እግሯን እንዳትሆን፣ ማታ ማታ የእግሯን ሥር እንድታይ፣ ካልተጠነቀቀች እግሯ ላይ ችግር ሊመጣ እንደሚችል፣ ቀስ እያለ አንድ በአንድ አስረዳን። እኔ ዙሪያ ጥምጥም ከድሮም አልወድም።

«እግርሽ ይቆረጣል አለ» አልኳት።

እናቴ እግሯን አየች፤ ከዚያ ልጁን አየችው። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ የት ነው የምሄደው? እስቲ ጠይቂልኝ» አለች። ጠየቅሁላት። የትም፣ አለ፤ ዝም ብላ ትሂድ። ይህን ስነግራት ስለ መቆረጡ ከሰማችው የበለጠ ደነገጠች።

አልፈርድባትም። እኛ አገር ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው የለም። ሁሉም ሰው መንገድ ላይ የሚገኘው ፍየል ሊሸጥ፣ ውሃ ሊቀዳ፣ ማዶ ተሻግሮ ዘመድ ሊጠይቅ ነው፤ ሰላምታችን ራሱ «ወዴት ነሽ?» ነው፣ መልስም ይፈልጋል። ሆቴል ያላት ሴትዮ በጠዋት ተነስታ የትም ካለች፣ ወይ የሆነ ነገር ልታሻግር ነው፣ ወይ ነካ አድርጓታል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ሰማዩ ገና ሳይገልጥ ወጣን፤ ሰው ሳያየን ደርሰን ሰው ሳያየን ልንመለስ። ያ ደረቁ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ሲያላትመው እናቴ ነጠላዋን ገለበጠችና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን መሆኑን በዚያች ሰዓት እሷም እኔም አላሰብነውም። ዳቦ የምትጋግረው እትዬ አስካለ ግን ደጇን ስትጠርግ አይታን ወዲያው አሰበችው።

«ብዙዬ! ምነው? ማን ነው?»

እናቴን እፍረቱም ትንፋሹም አንድ ላይ አንቀው ይዘዋት ነበርና መልስ አልወጣትም፤ እጇን ብቻ አወዛወዘች። እንዲያ ያለ የእጅ ውዝዋዜ ማን ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው ትርጉሙ አንድ ነው፤ የቅርብ ሰው ነው፣ አታናግሩኝ። እትዬ አስካለ መጥረጊያዋን ጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችን። ከእሷ ቤት ቀጥሎ ያለችው የአስካለን ነጠላ አየች፣ ከዚያ ወዲያ ያለችው ደግሞ የሁለቱን፤ እኛ ደግሞ አፍረን ፍጥነት ጨመርን፣ እነሱም ነገሩ ቢብስ ነው ብለው ጨመሩ። ድንበሩ ኬላ ጋ ደርሰን ዘወር ስል ዘጠኝ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላችን ናቸው። አንዷ ሽንኩርት ቸርቻሪ ቀድማ ማልቀስ ጀምራለች።

እናቴ ቆመች፤ መሄድ የፈለግነው እስከዚያ ነበርና። ሁሉም ቆሙ።

«የማን ቤት ነው? ማዶ ነው እንዴ?» አለች እትዬ አስካለ በሹክሹክታ።

እናቴ ነጠላውን ከአፏ ላይ አወረደች። «ሐኪም ነው ያዘዘኝ» አለች።

መጀመሪያ የነቃችው ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ናት፤ «እንባዬን መልሺ!» ብላ ጮኸችባት፣ «በባዶ ሆዴ፣ ሟቹን እንኳ ሳላውቀው!» ከዚያ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ሳቁ መጣ፤ የኬላው ፖሊስ ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮን ሳቀ። ሳቁ በረድ ሲል እትዬ አስካለ እናቴን ክንዷን ይዛ ወደ ዳር ወሰደቻት፣ እኔም ጆሮዬን አቁሜ ተከተልኩ። «ለእኔም አዞልኝ ነበር» አለቻት። «ዓመት ሆነው። የት እሄዳለሁ ብዬ ተውኩት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የጠዋቱ መንገዳችን ስሙ ለቅሶ ሆነ። «ዛሬ ለቅሶ ቀረሽ» ይባባላሉ፤ «ትናንት ለቅሶ ላይ ጉልበቴን አሞኝ»፣ «ነገ ለቅሶ በጊዜ ነው፣ ገበያ አለብኝ»። ወዴት ነሽ የሚል ሰው ሲመጣ መልስ ተገኘ፣ ማንም አያፍርም። አምስት ስድስት ሆነው እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ሰው እያሙ፣ ወደ ኬላው ወጥተው ሲመለሱ የሆቴላችን ሻይ ያለ ስኳር በዝንጅብል ይጠብቃቸዋል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ኮሶ ፊታቸውን አጨማድደው ነው የጠጡት፣ በሁለተኛው ወር ሌላው ሻይ ከመጠን በላይ ጣፈጠን ማለት ጀመሩ። አዴ ጡሜ ከግመሎቿ የታለበ ወተት አዝላ ስትመለስ መንገድ ላይ ታገኘንና ትቀላቀላለች። «መሄድ በሐኪም?» ትላለች፤ «እኔ ከዳበል መንደር እስከዚህ በእግር ነው የመጣሁት። ለእኔ ማን አዘዘ?» እንዲህ እያለችም ከሁሉም ቀድማ ትሄዳለች፣ ሸክሟን ይዛ።

ማታ ማታ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ አቀርባለሁ፣ ሙቀቱን በእኔ ክርን ነው የምንለካው፣ እግሯ ትኩስና ቀዝቃዛ መለየቱን ትቶ ነበርና። አጥባታለሁ፣ የጣቶቿን መሃል በአሮጌ ፎጣ አደርቃለሁ፣ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ ከዚያ የስልኳን መብራት አብርቼ ተረከዟን፣ ስንጥቆቿን፣ የትንሿን ጣት ሥር እመረምራለሁ። የእናቴን ፊት ካየሁት ይልቅ የእግሯን ሥር ያየሁት ይበልጣል ብል አልዋሸሁም። እሷ ጣሪያውን እያየች «ምን አለ?» ትላለች። «ምንም» እላታለሁ። «በደንብ አይተሻል?» «አየሁ አልኩሽ እኮ!»

አንድ ማታ ግን ጥቁር ነጥብ አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ብፈትገው አልለቅ አለ። የግራር እሾህ ነው፤ የጫማዋን ሶል በስቶ ገብቶ ቀኑን ሙሉ በላዩ ቆማ ስታስተናግድ ውላለች። በመርፌ ጎርጉሬ ሳወጣው የጮህኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ወሬዋን አላቋረጠችም። ጎንበስ ብላ መዳፌ ላይ ያለውን ስታይ ነው ጸጥ ያለችው። ከዚያ እርጥብ እጇን ራሴ ላይ አሳርፋ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች።

ስምንተኛን ጨርሼ ሶሎሎ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። በጭነት መኪና ላይ እየተንገጫገጭኩ ስሄድ አልቅሻለሁ፤ ስመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነው የመጣሁት፤ እንግሊዝኛ የምታወራ፣ ሁሉም ነገር የሚያሳፍራት። በአንዱ ዕረፍት አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እኛ ቤት አደረች። ማታ እናቴ ሳፋውን ይዛ መጣች፣ እኔን ናፍቃ የሰነበተች፣ ፊቷ በርቶ። «ነዪ እስቲ፣ ልጄ፣ እዪልኝ» አለች። ጓደኛዬ አየችኝ።

«እግርሽ ይሸታል፤ ራስሽ እዪው!» አልኳት።

አይሸትም ነበር። ሳሙና ሳሙና ነበር የሚለው። እናቴ ሳቀች፤ «እውነቷን እኮ ነው፣ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች» አለችና ሳፋውን ይዛ መጋረጃው ወዲያ ገባች። ከዚያች ማታ በኋላ እዪልኝ ብላኝ አታውቅም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግልግል አልኩ።

የራሷን እግር ሥር ማየት ግን ለእሷ የራስን ጀርባ እንደማየት ነበር፤ ሆዷም ዓይኗም አይፈቅዱላትም። እትዬ አስካለን እንዳትጠይቅ ልጇ የተጸየፈችውን እግር እንዴት ለሰው ትዘርጋ። የሆነ ነገር ቆሰለ፤ ደበቀችው። ስታነክስ እንዳይጠይቋት ለቅሶውን ተወች። ስልክ ስደውልላት «ጥፍሬን ተቆረጥኩ» ብቻ አለችኝ፤ ለዕረፍት ስመጣ የግራ እግሯ ሁለት ጣቶች የሉም።

ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ግን ማንም በአፉ ብሎኝ አያውቅም ነበር፣ አዴ ጡሜ እስክትለው። «ሶሎሎ ነበርኩ እኮ!» አልኳት፣ ጫማውን እንደያዝኩ። «አፍህ እዚህ ነበረ» አለችኝ። «አላይም አልክ። እናትህ አፈረች። አፈረች፣ ቤት ቀረች። አሁን ቁጭ ብላ ትሞታለች።» ይህን ብላኝ ሄደች፤ አዴ ጡሜ ተናግራ መልስ አትጠብቅም።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፣ እሾህም አቧራም የለውም። እትዬ አስካለ ናይሮቢ ልጇ ጋ ገብታለች፤ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ወደ ማዶ ተሻግራ እዚያው ቀረች። ሆቴሉ ተዘግቷል። በጠዋት ወጥቼ እስከ ኬላው ብቻዬን ሄጄ ነበር፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ያኔ ግማሽ ሰዓት የፈጀብን በወሬ ነው ማለት ነው። እናቴ ሦስቱን ቀን ከወንበሯ ወደ አልጋዋ፣ ከአልጋዋ ወደ ወንበሯ ነበረች። ዳክታሪውማ ቁስሉ ድሮ ድኗል፣ ትሂድ ብሏት ነበር። የት ልሂድ ትላለች።

በአራተኛው ቀን ማለዳ አውቶብሴ ሊነሳ ትንሽ ሲቀረው ቦርሳዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ከብዶኛል። አውቶብሱ ድረስ አግዢኝ።»

ቦርሳውን አየችው። ሁለት ቀሚስና ቻርጀር ነው ያለበት። «ቦዳቦዳ ጥሪ» አለች።

«ሞተር አልወድም።» ሞተር ላይ አድጌያለሁ፣ ታውቃለች። ከሕመሟ ወዲህ የምታደርገውን ሰፊ ጫማ አምጥቼ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። እግሯን ወደ ኋላ ሳበች፤ ጠበቅሁ። ቀስ ብላ መለሰችው። ጣቶቹ የነበሩበትን ቦታ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የነካሁት፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሕፃን ተረከዝ። ገልብጬ ሥሩን አየሁ፣ በደንብ።

«ምን አለ?» አለች ጣሪያውን እያየች።

«ምንም የለም፣ እማዬ። ደህና ነው።»

ከቦርሳው አንዱን ማንጠልጠያ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን ወጣን። ሦስት ቦታ ቆመች። እኔ ቀስ ብሎ መሄድ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ከእሷ ጋር ቆምኩ። ወዴት ነሽ ላላት ሁሉ «ልጄን ልሸኝ» ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። የአውቶብሱ ክላክስ ከሩቅ ሲጮህ «ሩጪ፣ ጥሎሽ ሊሄድ ነው» አለችኝ። ይሂድ አልኳት።

አልሄደም። አዴ ጡሜ ሹፌሩን ይዛ ስትጨቃጨቅ ደረስን፤ ጠዋት ጠዋት ለደንበኞቿ ወተት በአውቶብሱ ትልካለች። እናቴን ስታይ ጭቅጭቋን ተወችው። ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ላቧን፣ ጫማዋን፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ጠቆመች።

«ብዙነሽ፣ ወገቤ ሞቷል። ይህችን ነገ አንተ ታመጣለህ፣ ከእኔ ቤት እስከዚህ። በየቀኑ።»

«ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ መሰለሽ? ሥራ አለብኝ» አለች እናቴ።

«ምን ሥራ?»

እናቴ ጀሪካኗን በአንድ እጇ አንስታ ክብደቷን መዘነች። «አትሞያትም» አለች። «እስከ ግማሽ ብቻ።»

ረዳቱ የአውቶብሱን በር በመዳፉ መታ። እናቴን ሳምኳት፣ ቦርሳዬን ተቀበልኳትና ገባሁ።