ደረቅ ሰጋቱራ

ባለፈው ሳምንት መገናኛ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ለወገቤ ማስታገሻ ገዛሁ። ካርቶኗ ውስጥ እንደ ፊደል መቁጠሪያ የታጣጠፈ ወረቀት አለ። ጽሑፉ ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ዓይኔን አጥብቤ ፍለጋ ገባሁ። መሃል ላይ፣ የአፍ መድረቅና የሆድ ድርቀት ከሚለው ቀጥሎ አገኘኋት፤ ሽንት ሊይዝ ይችላል።

«ይሄን በአፍሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልኳት የሸጠችልኝን ልጅ።

«ወረቀቱ ላይ አለኮ ጋሼ!»

ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ንዴቱ የሷ አይደለም፤ የቆየ ነው።

መገናኛ ለባቡር ተቆፋፍሮ አቧራ የምንበላበት ጊዜ ነበር። ትምህርቱን አስረኛ ክፍል ላይ ተሰናብቼ፣ ኮተቤ መንገድ ዳር ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ስነካካ ከርሜ ሥራ አገኘሁ። የአይጥ ሞግዚት ሆንኩ። ሳቁ፤ ሰፈሬም ስቋል። ቀበና ወንዝ አጠገብ አንድ የምርምር ቤት ነበር። ዶክተር መንገሻ የሚባሉ ሰው የህመም መድኃኒት ነጫጭ አይጦች ላይ ይሞክሩበታል። እኔ አበላለሁ፣ አጠጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከየሳጥኑ ሥር የተነጠፈውን ሰጋቱራ በእጄ ዳብሼ ደብተር ላይ «እርጥብ» ወይም «ደረቅ» ብዬ እጽፋለሁ። ሞርፊን የተወጉ ዕለት ሁሌም ደረቅ ነው።

«ዶክተር፣ እነዚህ ሽንት መሽናት ረሱ እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ደስ አላቸው። «ታክሲ ትሳፈር የለ? ጭንቅላት ሾፌሩ ነው በለው። ሪሴፕተር የምንለው ደግሞ ጆሮው ነው። ሞርፊን መጥቶ ጆሮው ላይ ሲቀመጥ ህመም ቢጮህ አይሰማም። ችግሩ፣ ፊኛም ከኋላ ሆኖ ‹ወራጅ አለ!› ሲል አይሰማም። ዝም ብሎ ይነዳል። እኛ የምንፈልገው ለህመሙ ብቻ ጆሮውን የሚደፍን መድኃኒት ነው።»

«ወራጁስ?»

«ወራጁማ እየሞላ ይሄዳል።»

አሪፍ ነበር። ሰፈር ሄጄ ለጓደኞቼ በሙሉ አወራሁት።

አባቴ አናጺ ነበር። በዚያው ሰሞን ጭኑ አጥንት ውስጥ ዕጢ ተገኘበት። እንጨት ሲወድቅበት ትንፍሽ የማይል ሰው ትራስ ነክሶ ማልቀስ ጀመረ። ስንት ቦታ ተንከራተን በብልቃጥ የሚጠጣ ሞርፊን አገኘን። ለዶክተር መንገሻ ነገርኳቸው።

«ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እፎይ ይላል» አሉና ወደ አይጦቻቸው ዞሩ።

እውነትም እፎይ አለ። ህመሙ ጋብ ሲልለት እንጦጦ ጸበል ውሰዱኝ አለ። እህቴ አልማዝ እዚያው አንዲት ክፍል ተከራይታ ታስጠምቀው ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት የተጠበሰ በቆሎ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ባህር ዛፉ ከዝናቡ በኋላ አፍንጫ ይከፍታል። በቆሎው እንደሞቀ ላድርስለት ብዬ ዳገቱን በሩጫ ነው የጨረስኩት። ስገባ አባዬ አመድ መስሏል። ግንባሩ በላብ ርሷል። ሆዱ ከእምብርቱ በታች እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ጸበሉ እየሠራ ነው!» አለች አልማዝ ፊቷ በርቶ። «ሁለት ሁለት ጆግ ነው የሚጠጣው፣ የኔ ጀግና። ሴቶቹ ሕመሙ ተሰብስቦ ሊወጣለት ነው አሉኝ።»

አልጋው ሥር ያለውን ፖፖ አየሁት። ደርቆ ነጥቷል።

«ይሄን መቼ ነው የደፋሽው?»

«አንተ! አባትህ ፊት?»

«መቼ?!»

«ትናንት ጠዋት» አለች በሹክሹክታ።

አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በኛ ቤት አባት ስለ ሽንቱ ለሴት ልጁ አያወራም፤ ልጅም አይጠይቅም። መዳፌ ላይ ያ ደረቅ ሰጋቱራ ተሰማኝ። የእውነት፣ መዳፌ ላይ።

ተሸክመነው ወረድን። ላዳዋ ጉድጓድ ውስጥ በገባች ቁጥር አባዬ ክንዴን በጥርሱ ይይዛል። ሐኪም ቤት ቱቦ አስገቡለት፤ ነርሷ ከረጢቱን ደፍታ ሳትመለስ ሌላው ሞላ።

«ኩላሊቱ ሊሄድ ነበር» አለኝ ሐኪሙ። «ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ይጠበቃል እኮ።»

«ማን ነግሮን?»

ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር መንገሻ ፊት ቆምኩ። «አባቴ ሞርፊን ጀመረ ስልዎት ምን አሉኝ?»

«መቼ ስለ ሽንት ጠየቅከኝ? እኔ የሚያክመው ሐኪም አይደለሁ።»

«አይጦቹስ ጠይቀዎት ነው? ለነሱ ደብተር አለ! አባቴን ሰጋቱራ ላይ ባስተኛው ኖሮ ይጽፉት ነበር!»

«ድምፅህን ቀንስ» አሉኝ። አይጦቹ ይረበሻሉ ብለው።

ደብተሩን ገለጥኩ። የሳጥን ቁጥር በሚጻፍበት ላይ «አባዬ» ብዬ፣ ከጎኑ «ደረቅ» ብዬ ጻፍኩና ክፍቱን ትቼላቸው ወጣሁ። ዳግም አልተመለስኩም።

አባዬ እስከ ገና ኖረ። ሞርፊኑንም አልተወም፤ እኔ ግን ፖፖውን በየጠዋቱ አያለሁ፣ እሱም አፍሮ አፍሮ ለመደው። መድኃኒቱ ምንም አላደረገኝም፤ የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሴ። ያንን ወሬ ለስንቱ አራዳ ነዝቼ ለአልማዝ ብቻ አልነገርኳትም። እህት ጋ ሽንት ይወራል እንዴ ብዬ።

ፋርማሲው ውስጥ ከኋላዬ አንድ ከዘራ የያዙ አባት ቆመዋል። ያንኑ ካርቶን ነው የያዙት።

«አባት፣ ይሄ ሽንት ይይዛል» አልኳቸው ጮክ ብዬ። «ሳይሸኑ ውለው ካደሩ ለልጅዎ ይንገሩ።»

የፋርማሲዋ ልጅ አንገቷን ደፋች። ወረፋ የያዙት ሳቁ። ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉና «ሴት ልጅ ብቻ ነው ያለችኝ» አሉኝ።

«ለሷ ይንገሯት» አልኳቸው።