የእማማ እታለማሁ ሁለት ወር

ስለ አማቴ ስለ እማማ እታለማሁ የማወራው ደረቴን ነፍቼ ነው። ምራት አማቷን በምታማበት አገር ተቀምጬ ነው እንግዲህ።

ዳንግላ የገባሁት በጋብቻ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ከአማርኛ በቀር አላውቅም ነበር። ባሌ አድማሴ አገውኛውንም አማርኛውንም ያቀላጥፈዋል። እናቱ እማማ እታለማሁ ግን አማርኛ የሚናገሩት ለገበያና እኔን ለመቆጣት ብቻ ነበር።

በ1953 ዓ.ም. መባቻ ልጃችን ደጊቱ ሦስት ዓመት ተኩል ሞላት፤ አፍ ግን አልፈታችም። ትሮጣለች፣ ትስቃለች፣ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች፤ ቃል የለም። ሰው "ዲዳ ናት" ማለት ጀመረ። ስማቸው የሚባል ጎረቤታችን፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ስለሆነ ሁሉን የሚያውቅ የሚመስለው ሰው፣ "ሁለት ቋንቋ ነው እኮ ምላሷን ያሰረው፤ አንዱን አስቁሙ" አለኝ። አንዱ የቱ እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር። አላፈርኩም፤ "እማማ፣ ለልጅቷ በአገውኛ አያውሩላት" አልኳቸው።

እማማ አልተቆጡም። ዝም አሉ። አንድ ወር ሙሉ ሲያጥቧትም ሲያጎርሷትም ዝም። እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ፤ ከገበያ ገበያ ስዞር ስለምውል፣ አድማሴም ከቤት ውጭ ስለሚውል፣ በአማርኛም የሚያወራላት አልነበረም። ደጊቱ የምታንጎራጉረውን እንኳ ተወች። ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት እማማ የድስት ክዳን አንስተው ከደጊቱ ጀርባ በማማሰያ መቱት። ልጅቷ ደንግጣ ዞረች።

"ጆሮዋ ጤና ነው" አሉኝ በአማርኛ። "ልጅ ዝም ባለ ቤት አፍ አይፈታም። እስከ ጥምቀት ተይኝ። አንቺም በአማርኛሽ አውሪላት፣ እኔም በራሴ። ያን ጊዜም ካልተናገረች እኔ ነኝ ያሰርኳት፤ አፌን ይዤ አዘና አገር ወንድሜ ቤት እገባለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ዝምታ ቀረ። ምንጭ ሲወርዱ ደጊቱን በእግሯ ያስከትሏታል፤ እሷም የራሷን ትንሽ ቅል ትይዛለች። ጎመን ሲቀጥፉ፣ ድንች ሲኮተኩቱ፣ አመለኛዋን በቅሏቸውን ሲቆጡ የሚሠሩትን ሁሉ ያወሩላታል። ይጠይቋታል፤ ዓይን ዓይኗን እያዩ ይጠብቃሉ፤ መልስ ያገኙ ይመስል ይስቃሉ። ስድሳ ያለፋቸው ሴትዮ ከልጅ ጋር ሲዘሉ ጎረቤት እየወጣ ያይ ነበር። እኔም አፈርኩባቸው። ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ማፈሬ ነው።

ጥምቀት መጣ፣ አለፈ። ደጊቱ አልተናገረችም።

በማግስቱ እማማ ጓዛቸውን አስረው በቅሎዋን አስጫኑ። "እባክዎ ይቅር" ማለት ነበረብኝ፤ እልኬ ያዘኝ። ደጊቱን አገላብጠው ስመው በቅሎዋ ላይ ወጡ። አድማሴ አንገቱን ደፍቶ ልጓሙን ሳበ።

ደጊቱ ከእጄ አፈትልካ ሮጠች። መንገዱን ዘግታ ቆመች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልክ እማማ በቅሎዋን እንደሚቆጧት አድርጋ፣ በአገውኛ ጮኸች። በቅሎዋ ቀጥ አለች። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

"ምን አለች?" አልኩት አድማሴን።

"'ቁሚ፣ አንቺ አመለ ቢስ!' አለቻት" አለኝ፤ እሱም እንባው ይወርዳል።

ልጄ አፍ ስትፈታ በቅሎዋ እንኳ ሰማቻት፤ ያልገባኝ እኔ እናቷ ብቻ ነበርኩ። ሄጄ የእማማን እግር ያዝኩ።

"እማማ፣ ይውረዱልኝ። እኔንም አፍ ያስፈቱኝ" አልኳቸው።

እማማ ወረዱ። እንባቸውን ጠረጉና "ነገ ምንጭ አብረን እንወርዳለን" አሉኝ። "ማልደሽ ተነሺ፤ ደጊቱ ዘገምተኛ ተማሪ አትወድም።"