ድንጋዩን የነቀለው አምላክ

ባሌ አጵሎስ በአንጋጫ ሕዝብ ፊት የጨለማ አምላክ ሆኖ ያውቃል። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ዝንብ እንኳ እሽ ሲል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው! ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ስለሚመስል፣ በ1995 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ድራማ ሲያዘጋጁ ሌላ ማን ይታሰባል?

ድራማው ሦስት ቅዳሜ የሚፈጅ ነበር። አምላክ ተብዬው ሁለት ወንድማማች መንደሮችን ለማጫረስ መቶ ዓመት ያሴራል። በመጀመሪያው ቅዳሜ የድንበራቸውን ድንጋይ ነቅሎ አዛወረ። በሁለተኛው፣ ላንዱ "ጎረቤትህ ንቆሃል"፣ ለሌላው "ሊወርህ ነው" እያለ በጆሯቸው አንሾካሾከ። ሦስተኛው ቅዳሜ ጦርነቱ ነው።

የእኔ ጭንቅ ሌላ ነበር። በዚያው ሰሞን አጵሎስ ሽማግሌ ቢልክ፣ እናቴ ከበቡሽ "ለዚያ ሰይጣን ልጄን? ሞቼ እገኛለሁ!" ብላ መለሰቻቸው።

"እማዬ፣ ድራማ እኮ ነው።"

"ጣቢታ፣ ሳይኖርበት እንዲህ አይችልበትም!"

አባቴ በሕይወት የለም፤ ያለ እሷ ምርቃት ደግሞ ከቤት አልወጣም። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ አንዱም ቅዳሜ አላመለጣትም፣ ጉድ እኮ ነው! ሁለቱ ወገኖች የእንጨት ጦራቸውን ሰብቀው ተፋጠጡ። አጵሎስ ቀንዳም ቆቡን ደፍቶ፣ "በሉ!" ሊል አፉን ሲከፍት እናቴ ብድግ አለች።

"ኧረ በሕግ! እናንተ ልጆች፣ ድንጋዩን የነቀለው እሱ ነው! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!"

መድረክ ላይ ወጥታ መቀነቷን ፈታችና በመሃላቸው ዘረጋችው። የእናት መቀነት ደግሞ አይሻገሩትም። ደራሲው ጥሩሰው ከመጋረጃው ጀርባ "ተዋጉ እንጂ!" ይላል። ማን ሰምቶት! ልጆቹ ጦራቸውን መሬት አስቀመጡ።

ሁሉም ወደ አጵሎስ ዞረ። ሦስት ወር የተለማመደው ለዚህች ሰዓት ነበር። መቀነቱን ተሻግሮ ቢጮህ ድራማው ይቀጥላል፤ የእኔና የእሱ ነገር ግን ያበቃለታል።

ቆቡን አወለቀ። ተንበረከከ።

"እናቴ፣ አጥፍቻለሁ። ድንጋዩን የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ! እናቴ ቆማ አየችው፣ አየችው።

"ጥፋቱን ያመነ ሰው መግፋት ነውር ነው" አለች በመጨረሻ። "ተነስ። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።"

በኋላ "ድራማ መሆኑን ረስተሽ ነው?" ብላት ተቆጣች። "ምን እረሳለሁ! ቢሆንስ፣ ሰው ሲጋደል ቁጭ ብዬ ልይ?"

ዛሬም ከአጵሎስ ጋር ስንኳረፍ ትመጣና ገና ከደጃፍ "ድንጋዩን ማን ነቀለው?" ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ። እጁን የሚያወጣው ግን እሱ ነው።