ከኤም በኋላ ያለው እንግሊዝኛዬ

የእኔ እንግሊዝኛ የሚጀምረው ከኤም ነው። ከስድስተኛ ክፍል ይዤው የወጣሁት ቀላል ቀላሉ ቃል አለ፤ ላም፣ ዛፍ፣ ወንበር፣ እናት። ከባዱ፣ የተማሩ ሰዎች የሚነጋገሩበት ግን ከኤም ወዲህ ያለው ብቻ ነው የእኔ። ከኤ እስከ ኤል ያለውን ከተማችን መካነ ሰላም ስኳር ጠቀለለችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን በላይ ያለው ባለሱቅ ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ መጽሐፍ ይገዛል። አንድ ቀን እናቴ ስኳር ላከችኝና ቤት ገብቼ ጣሳው ውስጥ ስገለብጠው፣ ወረቀቱ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከነአማርኛ ፍቺው አየሁ። «ሉሚነስ፦ የሚያበራ፣ ብርሃናማ» ይላል። ወረቀቱን ከስኳሩ አራግፌ ደጋግሜ አነበብኩት። አገሩ ሁሉ የሚያበራ ነገር ሞልቶ ሳለ ይህን ቃል ሳላውቀው መኖሬ ገረመኝ።

ቀሪውን መጽሐፍ ልጠይቅ ሄድኩ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፌ አይከፈትም። ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ እንኳ በእናቴ ጀርባ ተከልዬ ነው የምገባው። ሱቁ ፊት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አልኩ። በአራተኛው ባለሱቁ ራሱ ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሱቄን ልትጠብቂ ነው ወይስ ልትሰርቂ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«ስኳሩ ጎደለ?»

«የለም ጋሼ። መጽሐፉን ነው።»

ከባንኮኒው ሥር ያወጣው መዝገበ ቃላት ፊቱ ተገንጥሎ አልቋል፤ ከኤም ጀምሮ ያለው ግን ደህና ነው። «እሺ ውሰጂው። ስኳሬን በምን ልጠቅልል ታዲያ?» አለኝ።

ሮጬ የስድስት ዓመት ደብተሮቼን በሙሉ ተሸክሜ አመጣሁለት። ትምህርቴ እንዳለ በግማሽ መዝገበ ቃላት ተለወጠ። እስከ ዛሬ አልቆጨኝም፤ አንዳንዴ ብቻ ጎረቤት ቤት በርበሬ ሲፈታ የሂሳብ ልምምዴን ከነስሕተቱ አያለሁ።

ሥራዬ ጥልፍ ነው። የትራስ ልብስ፣ የሶፋ ልብስ፣ የቴሌቪዥን መሸፈኛ እጠልፋለሁ። በእኛ አገር ያለ እንግሊዝኛ ቃል ጥልፍ ጥልፍ አይባልም። ችግሩ ሁሉም ቤት ያው አንድ ዓይነት ነው፤ በሩ ላይ «ዌልካም»፣ ትራሱ ላይ «ጉድ ናይት» ወይም «ስዊት ድሪም»። መዝገበ ቃላቱን ካገኘሁ ወዲህ በተራረፈ ጨርቅ ላይ ለራሴ ሌላ ሌላውን መጥለፍ ጀመርኩ። ቃሉን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ በካርቦን ጨርቁ ላይ አሳርፈዋለሁ፣ ከዚያ በክር እሞላዋለሁ። አንድ ፊደል ግማሽ ቀን ይወስዳል። «ማግኒፊሰንት»፣ እጅግ ያማረ ማለት ነው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጭኔ ላይ ከረመ፤ ከዚያ በኋላ ልርሳው ብልም እንቢ አለኝ። «ፐርሲቪራንስ» የሚለውን ስጠልፍ ደግሞ መርፌው ሁለቴ ተሰበረብኝና ፍቺውን፣ ጽናትን ማለቴ ነው፣ በሥራ ተማርኩት። በሩ ተዘግቶ ብቻዬን ስሆን ቃሉን ድምፄን አውጥቼ ለጨርቁ እነግረዋለሁ። ሰው ሲገባ ዝም።

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ልታገባ ሆነ። ዐረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ከእኔ ጋር ግን እንደ እህት ነን። የምታገባው የሆስፒታል ነርስ ነው።

«እኔ ስዊት ድሪም አልፈልግም» አለችኝ ነጭ ጨርቅ ጭኔ ላይ እየዘረጋች። «የእህቱ ትራስ ላይ አለ፣ የአክስቱም ላይ አለ። እነሱ ደግሞ ዐረብ አገር የከረመች ሴት ቤት መያዝ አታውቅም እያሉ እንደሚያሙኝ ሰምቻለሁ። ጓዜ ሲዘረጋ አፋቸውን የሚያስይዝ ነገር ፈልጊልኝ።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እሱ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ደክሞት ነው የሚገባው። የሚያሳርፍ ነገር ይሁን። አደራሽን፣ እዚያ እንዳታሳፍሪኝ።»

በእኛ ዘንድ የሙሽራ ጓዝ ከሠርጉ በፊት ወደ ባል ቤት ይሄዳል። እዚያ የወንዱ ወገን ሴቶች አንድ በአንድ እያነሱ፣ እየዘረጉ፣ ለሁሉም ያሳያሉ። ሙሽራዋ አትገኝም፤ ስሟ ግን በዚያ ጓዝ ይወጣል ወይም ይወርዳል።

ሦስት ቀን ሙሉ ገለጥኩ። በመጨረሻ ኤስ ላይ አገኘሁት። «ሴዴሽን፦ ማረጋጋት፣ ማስተኛት» ይላል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ኤስ ደግሞ ለጥልፍ የምትመች ፊደል ናት፤ ወገቧ ላይ አበባ ጠመጠምኩባት። ሁለቱን የትራስ ልብስ በሰማያዊና በወርቃማ ክር ጨርሼ ለሙሽራዋ ሳሳያት አቀፈችኝ። የእኔ ስልክ ኢንተርኔት የሌለው ባለ ቁልፍ ነው፤ የምጠይቀው ሰውም አልነበረኝም። ለነገሩ ቢኖርስ መቼ እጠይቅ ነበር?

ጓዙን ይዘው ከሚሄዱት ሴቶች አንዷ እኔ ሆንኩ። ክፍሉ ጢም ብሏል። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አንሶላው ተዘረጋ፣ ብርድ ልብሱ ተዘረጋ፣ «ማሻአላህ» ተባለ። ከዚያ የትራስ ልብሶቹ ተነሡ። የሙሽራው እህት አንዱን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ይህኔ ሙሽራው ራሱ አንድ ነገር ሊወስድ ብቅ አለ።

«ሴ... ዴ... ሽን» ብሎ አነበበና የበሩን መቃን ይዞ መሳቅ ጀመረ።

«ምን ይላል? ስድብ ነው?» አለች እህቱ።

«ይሄማ እኛ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በመርፌ የምናስተኛበት ነው!»

 እህቱ ጨርቁን ዝቅ አደረገችው። «እኔ ብያለሁ። ወንድሜን በመርፌ ልታስተኛው ነው እንዴ የምትመጣው?»

አብረውኝ የመጡት ሴቶች ማንበብ አይችሉም፤ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ የምዞርበት ሰው የለኝም። ሙሽራዋ «አደራሽን» ያለችኝ ጆሮዬ ላይ መጣ። እቤቷ ተቀምጣ ምን ተባለ እያለች እንደሆነ አውቃለሁ። እንዴት እንደተነሣሁ ግን አላውቅም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም» አልኩ። ድምፄን ራሴው አላወቅኩትም። «መዝገበ ቃላቴ ከኤም ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት ያለው ስኳር ተጠቅልሎበት አልቋል። የእኔ መጽሐፍ ማረጋጋት፣ ማስተኛት ይላል እንጂ መርፌ አይልም። እሷ ያለችኝ፣ ወንድማችሁ ሌሊት ሠርቶ ደክሞት ሲገባ የሚያርፍበት ትራስ ይሁን ነው። ከጓዟ ሁሉ አደራ ያለችኝ ይህንኑ ነው።»

ሙሽራው ሳቁን አቆመ። የትራሱን ልብስ ከእህቱ እጅ ወስዶ ደረቱ ላይ ያዘው።

ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ አክስቱ መጀመሪያ አፋቸውን ከፈቱ። «ታዲያ ይሄ ምን ያስቆጣል? ለባሏ እረፍት ያሰበች ሴት ቤት መያዝ አታውቅም የምትሉ እናንተ ናችሁ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ያረጋጋችሁ! ትራሳችሁ የሰላም፣ እንቅልፋችሁ የጤና ይሁን!»

«አሚን!» አለ ክፍሉ በሙሉ። እህቱም አለች፤ ሰማኋት።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ አክስትየዋ፣ «ለእኔም ይቺኑ ጥለፊልኝ። እንቅልፍ ከራቀኝ ሰንብቷል።»

«እኔ ግን የማንቀላፋው በትራስ ነው፣ መርፌ አልወጋም» አለ ሙሽራው፤ ያን ጊዜ ሳቁ ሌላ ሆነ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሌላ ይጠለፍለት ሲሉት እንቢ አለ። ከሠርጉ በኋላ ተማሪ ሳለ የገዛውን መዝገበ ቃላት ላከልኝ፤ ከኤ እስከ ዜድ፣ አንድ ገጽ ያልጎደለው። ብዙ ጊዜ ሳልነካው ቆየሁ። ያንን የፊተኛውን ግማሽ ማየት አዲስ ቤት እንደመግባት ሆነብኝ፤ ጫማዬን አውልቄ በሩ ላይ የቆምኩ ያህል።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ሙሽራዋ እየሳቀች መጣች።

«ያንን ትራስሽን ምን አድርገሽበት ነው? ተኝቶ አይነሳልኝም! ትናንትና ከሥራ ሊቀር ነበር። በይ አሁን የሚቀሰቅስ ቃል ፈልጊልኝ።»

«ከየትኛው ፊደል?»

«አሁንማ ሁሉም አለሽ።»

ከኤ ጀመርኩ። ሩቅ አልሄድኩም። «አለርት፦ ንቁ፣ የነቃ» ይላል። በእርሳስ ጻፍኩት፣ ክሩን በመርፌ አስገባሁ፣ ከዚያ እጄ ቆመ። ቀና ስል በተከፈተው በር በኩል ሙሽራው ነጭ ጋውኑን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ከመንገዱ ማዶ ያልፋል። መሐላችን ገበያተኛ፣ የጫኑ አህዮችና አንድ ሚኒባስ አሉ። ተነሣሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሙሽራው!» ብዬ ጮህኩ። «አለርት የሚባል መርፌ አለ?»

መንገዱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እሱ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ከማዶ መለሰልኝ።

«የለም! ጥለፊው!»