መርዶ ይዤ ወደ ኮንጋ

ማክሰኞ ንጋት፣ ዲላ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። በቅሎዋን የሚነዳው ጅግሶ የሚባል የጌዴኦ ሽማግሌ ነው። ጣሊያን የባለቤቴን ሱቅ ነጥቆ ለራሱ ሰው ስለሰጠው ሐሙስ ወደ ሸዋ ልንሄድ ነው። ከዚያ በፊት ኮንጋ ያለችውን ታናሽ እህቴን ይዤ መምጣት አለብኝ። ባሏ ሮባ ከዲላ በስተሰሜን ለጣሊያን መንገድ ሲቆፍር ናዳ ተጭኖት ሞቷል። ሬሳውን እንኳ ያወጣለት የለም፤ ጠጠር ደልድለውበት አለፉ። እሷ ገና አልሰማችም።

ረፋድ፣ ወናጎ

ዝናቡ አባርቷል። ሰማዩ ጠርቷል፤ የቡናው ፍሬ መቅላት ጀምሯል፤ ከእንሰቱ መሐል ጭጋግ ይነሣል። ሌላ ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ተናደድኩ። አገሩ ለሮባ አንድ ቀን እንኳ አልጨለመለትም። የተቀቀለ በቆሎ የምትሸጥ ሴት የጣሊያን ሊሬ ሳሳያት ፊቷን አዞረች፤ በጭብጥ ጨው ለውጣ ሰጠችኝ። ጅግሶ ልጁን የቀበረ ጊዜ እንሰቱ ሥር እየተቀመጠ እንደተጽናና አጫወተኝ። እኔ የሱቅ ሰው ነኝ፤ ቅጠል ያጽናናል ቢሉኝ አላምንም።

አመሻሽ፣ ኮንጋ

እህቴን ከጓሮ አገኘኋት። የእንሰቱን ጉቶ ልቡን ፈልፍላ አፈር ታለብሳለች፤ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ችግኝ ይወጣል፤ ለምግብ እስኪደርስ ግን ዓመታት ይፈጃል። ገና ሳልቀመጥ ሮባን አይቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። መርዶ ሲነጋጋ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ደህና ነው አልኳት። ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ።

ረቡዕ ንጋት

ጅግሶ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርቶ መጣ። ሰዎቹን ደጅ ስታይ ገባት፤ ማንም አፉን ሳይከፍት መሬት ላይ ተዘረጋች። አልቅሰን አልቅሰን ጸጥ ስንል ተነሽ እንሂድ አልኳት።

«ማታ ደህና ነው ያልሽኝ አንድ ሌሊት ልትጨምሪልኝ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። «ከዚህ ግን አልሄድም። መቃብር የለው። እጁ ያረፈበት ይሄ ጓሮ ብቻ ነው፤ ትናንት የቀበርኩት እንሰት እሱ ቆፍሮ በተወልኝ ጉድጓድ ነው። ሲበቅል ማን ይየው?»

ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ። እንቢ አለች። ብቻዬን ሄጄ እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩ። ቅጠሉ ጤዛውን ያንጠባጥባል። ትንፋሼ ተመለሰልኝ፤ ለካስ ሽማግሌው አልዋሸም። ይኸም አናደደኝ። ሠልስቱን እንኳ ሳልቀመጥላት የአጥሩ በር ላይ ተሳስመን ተለያየን።

ሐሙስ፣ ከዲላ ስንወጣ

ካሚዮኑ ሰው በሰው ነው። ተሳፋሪው ሁሉ መንገዱን ያደንቃል፤ አንዱ ነጋዴ ጣሊያንን እዚህ ላይ እንኳ አትሙት የሚያሰኝ ነው አለ። እኔ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማዬን አወለቅሁ። ሮባ የቱ ጋ እንደተኛ ስለማላውቅ አዲሱ መንገድ እስኪያልቅ ድረስ መልሼ አላጠለቅሁትም።