ከሰማያዊው መስመር በታች

የጋለ ፕላስቲክ ሲሸተኝ ንዴቴ ይነሳል። አትሳቂብኝ! ባለፈው ልጆቹን ይዤ ቡታጅራ የሄድኩ ጊዜ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ በአየር የተነፋ ትልቅ ቤት ተክለው አገኘሁ። ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል፣ ፀሐዩ ፕላስቲኩን አግሎት ሽታው እስከ አስፋልቱ ይመጣል፣ ልጆቹ ጫማቸውን ደጅ ከምረው ይዘላሉ። የኔው ትንሹ ላቡ እየተንጠባጠበ «እማ እዪኝ! እማ እዪኝ!» ይለኛል። አየሁት፤ ደስም አለኝ። ወዲያው ግን አባቴ ላይ ተናደድኩ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ ቆይቷል፤ ሞቶም ግን ከኔ ንዴት አልዳነም። ይኼ ልጅ ምሳውን በልቶ በእግሩ ሄዶ የሚዘልበትን ነገር እኔ ስንት ዓመት ለምኛለሁ!

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ክልል፣ ዞን የሚባለው በመጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። አባቴ እዚያው ቡታጅራ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ቤታችን ከፊት መጋዘን፣ ከኋላ መኖሪያ ስለነበር እንግዳ ሰላምታውን ሳይጨርስ ያስነጥሰዋል። እኛ ለምደነዋል። እኔ እንዲያውም ሌላ ሰው ቤት ስገባ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኝ ነበር።

አረፋ ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችን ሁሉ ይጎርፋል። ከመኪና ጣሪያ ላይ ፍራሽና ምንጣፍ ይወርዳል፣ በሬ ይታረዳል፣ ግቢው ሰው በሰው ይሆናል። ባንዱ አረፋ ነው የአዲስ አበባው አጎቴ ልጅ፣ እኩያዬ፣ ነጭ ካልሲዋ እንዳይቆሽሽ እግሯን ሰብስባ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠች ያንን ነገር የነገረችኝ። አዲስ አበባ የልጆች መጫወቻ አለ። የሚሽከረከር ፈረስ አለው፣ ከቤት በላይ ከፍ የሚያደርግ መንኮራኩር አለው። ደግሞ ትንሽዬ ባቡር አለችው።

«ዋሻ ውስጥ ትገባለች። ይጨልማል። ሁሉም ይጮሃል። ከዚያ ትወጣለች» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ፈረሱም መንኮራኩሩም ጠፋብኝ። ዋሻው ብቻ ልቤ ውስጥ ቀረ። ጨለማ ውስጥ ገብቶ፣ እሪ ብሎ ጮሆ፣ ማንም ሳይቆጣ መውጣት! እኛ ቤት ሴት ልጅ ድምጿን ከፍ ካደረገች «ጎረቤት ምን ይላል?» ነበር።

«ግን መግቢያው ላይ ሰማያዊ መስመር የተቀባበት እንጨት ቆሟል» አለች። «ከመስመሩ ከበለጥሽ ባቡሯ ላይ አያወጡሽም። የልጆች ብቻ ናት።»

ደነገጥኩ። ጀርባና ጀርባ ገጥመን ተለካካን፤ እኩል ነን። እጇን ከጭንቅላታችን በላይ ዘርግታ «ለኛ ገና ነው፤ አንድ ስንዝር ይቀረናል» ብላ አጽናናችኝ። እሷስ ምን አለባት፣ እናቷ አጭር ናት፣ አባቷም ከኛ ዘር እሱ ብቻ ነው ያጠረው። እኔ ግን የወጣሁት በአባቴ እህቶች ነው፤ እነሱ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ናቸው። አንድ ስንዝር ለኔ ምን ያህል እንደሆነ ያን ዕለት ነው የገባኝ።

እንግዶቹ እንደሄዱ አባቴን ያዝኩት። አባቴ ደግሞ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም። ችግሩም እሱ ነው! እምቢ ቢል አልቅሼ እተወው ነበር። «የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ እንሄዳለን፤ ኢንሻ አላህ፣ ሁላችንም» አለ። ስለ መስመሩ ነገርኩት፤ ከት ብሎ ሳቀ። «ለመጫወቻ ደግሞ ምን መስመር አለው? በግ ነው እንዴ እንዲህ የሚለካው? ልጅ ልጅ ነው!»

እናቴ ወዲያው ማሰናዳት ጀመረች። እሷ አንድ ነገር ከታቀደ ስንቁን ካልጨረሰች እንቅልፍ አይወስዳትም። ዳቦው፣ ቆሎው፣ ጭኮው። ያኔ ገና የሚታዘለው ታናሽ ወንድሜ እንኳን አዲስ ሹራብ ተገዛለት። ከዚያ አባቴ እንሴኖ ገበያ ሄዶ ለወንድሙ አወራለት።

የእንሴኖው አጎቴ «የኔዎቹስ?» አላለም። እንዲያ ቢልማ አባቴ መልስ ያገኝለት ነበር። የበርበሬ ጆንያ አፍ መስፋቱን ነው የቀጠለው። ይሄኔ አባቴ ራሱ «ያንተዎቹንም ይዤ ነው እንጂ!» ብሎ አረፈው። የወንድምን ልጅ ጥሎ የራስን ይዞ መዝናናት እኛ አገር ከስርቆት አይሻልም። የአጎቴን ልጆች ካልን የሚስቱ እህት ልጆችም እዚያው ያደጉ ናቸው። ሚኒባስ ይበቃል የተባለው ጉዞ ቅጥቅጥ አይሱዙ ጠየቀ። ቅጥቅጡ ተገኘ ሲባል፣ ልንሄድ ስንል፣ አረቅጥ ያለች የእናቴ አክስት አረፈች።

ምን ይባላል? ሰው ሞቶ ስለ ባቡር አይወራም። ለመንገድ የተሰናዳው ዳቦ ለቅሶ ቤት ተበላ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ እንደዚያ ሳለቅስ «ይቺ ልጅ እንዴት ሆደ ቡቡ ናት፣ ሟችን ትወዳት ነበር መሰለኝ» ሲሉ ሰማሁ። ወላሂ፣ ሴትየዋን አይቻት አላውቅም።

በተከታዩ ዓመት አዲስ አበባ ደረስን። አዎ፣ ደረስን! አባቴ ለእንሴኖው ወንድሙ ሳይነግር፣ ገና ሳይነጋ፣ እንደ ሌባ ተደብቀን በአውቶቡስ ወጣን። ይህን ያደረገው ለኔ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ሲቁነጠነጥ ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እናቴ የዘመዱን ሁሉ ድርሻ ጭናለች። ቅቤ፣ ቆጮ፣ የተቋጠረ በርበሬ። ባዶ እጅ አይገባማ! መርካቶ አጎቴ ቤት ቁርስ በላን። እሱ ቤት ከገባን አክስቴ ቤት መግባት ግድ ነው፤ «መጥተው ሳያዩኝ ሄዱ» ብላ እስከ አረፋ ትቀየማለች። አክስቴ ቤት ከገባን የእናቴ ወንድም አለ። በየቤቱ «ምሳ ሳትበሉ ወላሂ አትወጡም!» ነው። ምሳ ስንት ጊዜ ይበላል? የቀረበልኝን እያየሁ እንባዬ ወጡ ላይ ይንጠባጠባል። በየቤቱ ደግሞ እጄን ይዘው ያዞሩኛል፤ «ማሻ አላህ፣ እንዴት ተመዘዘች! ልጅ ደርሳልሃለች አንተ!» አባቴ ደስ ይለዋል። እኔ የምገባበት ይጠፋኛል።

ሲመሽ በታክሲ ስንመለስ ያቺ ባለ ካልሲዋ የአጎቴ ልጅ በመስኮቱ ጠቆመችኝ፤ «ያውና! ያ መብራቱ የሚዞረው!» ከዛፎቹ በላይ ጫፉን ብቻ አየሁት። «ነገ እንሄዳለን አይደል?» አልኩ። አባቴ አንገቱን ደፋ። «ነገማ የገበያ ቀን ነው፣ ልጄ። ለሚቀጥለው።» ያን ዕለት ያልኩትን ለሰው አልናገርም፤ እናቴ አፌን በእጇ ይዛ ነው ቤት የገባነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የእንሴኖው አጎቴ ሰማ። ተደብቀን መሄዳችንን። ለወራት አልመጣም፣ ሰላምታውም ቀዘቀዘ። አባቴ ሽማግሌ ልኮ ታረቁ፤ እርቁም «ሁሉንም ልጆች ባንድ መኪና እወስዳለሁ» የሚል ነበር። የሚቀጥለው የበርበሬ ምርት ተሰብስቦ እስኪሸጥ ደግሞ ሌላ ዓመት።

እኔ በዚያ ዓመት ምን ያላደረግኩት አለ? እንቁላል አቆምኩ፣ ወተት አቆምኩ። ስተኛ ኩርምት ብዬ ነው፣ እግሬ እንዳይዘረጋ። ሰው ሲሻገርሽ አታድጊም ሲባል ሰምቻለሁና መጋዘኑ ወለል ላይ እዘረጋና ታናሽ ወንድሜን «ተሻገረኝ!» እለዋለሁ። አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጨዋታ መስሎት እየዘለለ ይሻገረኛል፣ የበርበሬው ብናኝ ይነሳል፣ ሁለታችንም እናስነጥሳለን። አንድ ቀን እናቴ ደረሰችብን። «ኧረ ልጄን! ልታቀጭጫት ነው እንዴ? ተመለስ! በመጣህበት ተመልሰህ ተሻገራት!» ብላ ጮኸች። እሱም ታዞ የተሻገረውን ሁሉ ፈታው። ከወለሉ ሳልነሳ አለቀስኩ። እናቴ ጠጋ ብላ ፀጉሬን ዳሰሰችኝ፤ «እደጊ እንጂ፣ ማደግ ምን ይጠላል?» አለችኝ። እሷ ምኑን ታውቃለች!

በመጨረሻ ተነሳን። ቅጥቅጡ ሞላ፤ የኛ ልጆች፣ የእንሴኖ ልጆች፣ የፌስታል ትውኪያ፣ አቧራ፣ ዘፈን። አባቴ ከፊት ተቀምጦ በየጊዜው ወደ ኋላ ዞሮ ያየኛል፤ «ዛሬ ማንም ቤት አንገባም!» ይላል። ቃሉንም ጠበቀ። መርካቶን ስናልፍ እናቴ ዘመድ እንዳያያት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፍና ከመቀመጫው ስር ጎንበስ አለች። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንዴ ብቻ ነው ለኔ ብለው በዘመድ ደጅ ሳይገቡ ሲያልፉ ያየኋቸው።

ባቡሯ ቀይ ናት። መቀመጫዎቿ ፕላስቲክ፣ ፀሐይ ያጋላቸው፣ ሽታቸው ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዋሻው አለ፤ ከቆርቆሮ የተሠራ፣ አረንጓዴ የተቀባ። ከውስጡ ጩኸት ይወጣል። የሰው ልጅ እሪታ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰልፉ ላይ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ ቀበርኩ። ልጆቹ አንድ ባንድ ገቡ፤ ደረሰኝ።

«ቀጥ በይ፣ እህቴ» አለ ሰውዬው።

እህቴ አለኝ። ቀና አልኩ። መስመሩ አፍንጫዬ ላይ ነው።

«አንቺ ትልቅ ነሽ። ይሄ የልጆች ነው።»

አባቴ ከኋላ ሰው እየገፋ መጣ። «ልጅ ናት! ምን ማለትህ ነው? ልጅ ናት እኮ!»

«ጋሼ፣ ልጅዎት መሆኗን መች ካድኩ? መስመሩን ግን አልፋለች።»

«ቁመት አታሎህ ነው! የኛ ዘር ረጅም ነው! ልቧን ብታየው... ልጅ ናት አልኩህ!» አባቴ ጮኸ። በገበያ መሀል እንኳን ድምጹን የማያነሳ ሰው፣ ሻሹ ከትከሻው ወርዶ። ሰልፈኛው ያየናል። እጄን ይዞ ወደ ሰውዬው ያሳየዋል፤ እጄ ከራሱ ከአባቴ እጅ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። እሱም አየው መሰለኝ፣ እጄን ዝቅ አደረገው። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እኔ የእውነት መስመር ያለው አልመሰለኝም» አለኝ።

ይሄኔ ታናሽ ወንድሜ ባቡሯ ላይ ሆኖ እሪ አለ። ዋሻውን አይቶ ፈርቷል። ሰውዬው ዞሮ አየውና፣ «ይሄ ብቻውን አይሆንም፤ ትልቅ ሰው ይያዘው» አለ። እናቴን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ እኔን። «አንቺ ታላቅየዋ፣ ነይ ግቢና ያዢው። ቶሎ በይ!»

«አሁን አትገቢም አላልከኝም?» አልኩት።

«ልጅ የያዘ ትልቅ ሰው ይገባል» አለ፣ ሰንሰለቱን እያወረደ።

ገባሁ። ጉልበቴ አገጬ ሥር ደረሰ። ወንድሜ ደረቴ ላይ ተለጠፈ። ባቡሯ ስትንቀሳቀስ አባቴ ከአጥሩ ማዶ አብሮን እየሮጠ «ያዢው! አጥብቀሽ ያዢው!» ይላል። ጨለማው መጣ። ፊት ያሉት ሁሉ ጮኹ፤ የእንሴኖዎቹም፣ ሌሎቹም። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ልጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ብጮህ ይብስበታል። ጆሮው ላይ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ አሁን እንወጣለን» እያልኩ ወጣን።

ስንወርድ ሁሉም ባንዴ ያወራል። ወንድሜ እንባውን ረስቶ «ጨለመ! ጨለመ እኮ!» እያለ እናቴ ፊት ይዘላል። አባቴ እኔ ዘንድ መጣ።

«አንቺስ፣ ልጄ? እንዴት ነበር?»

«ይዤው ነበር» አልኩት።

ሻሹን አንስቶ ፊቱን ጠረገ፣ ወንድሜን ሊያዝል ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና እሱን ትቶ የኔን እጅ ያዘ። እስከ መኪናው ድረስ፣ ትልቅ ልጅ እንደዚያ በማይያዝበት አያያዝ፣ ይዞኝ ሄደ።