በአገውኛ የሰጠሁት ቃል

እንጅባራ ገበያ ገብቼ የባጃጅ ጡሩምባ ሲያደነቁረኝ የሚናፍቀኝ የፈረስ ኮቴ ነው። በዚያን ጊዜ በገበያ ቀን ከዘንገና ሐይቅ በኩል የሚመጡት ፈረሰኞች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሳይሉ ይሰሙ ነበር። የአጎቴን ፈረስ አረማመድ ከስንቱ መካከል እለየው ነበር። አባቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ እኒህ የእናቴ ወንድም ናቸው። ዳንግላ ትምህርት ቤት ያስገቡኝም እሳቸው። ትምህርት ሲዘጋ መጥተው ይወስዱኛል፤ ከኋላቸው ተፈናጥጬ እስከ ቤት በአገውኛ ስንጨዋወት መንገዱ ያጥርብኝ ነበር። «አማርኛው አፍህን ወሰደው እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ወይ ጊዜ! ያንን መንገድ አንድ ቀን ቢመልስልኝ ምን አለበት?

በእኛ ዘንድ አማርኛ የችሎትና የሹም ቋንቋ ነበር። አንዱ በአማርኛ ቢምል ሰሚው «እስቲ እናያለን» ብሎ ያልፋል። በአገውኛ የተሰጠ ቃል ግን የቤት ቃል ነው፤ ዋስ አይጠየቅበትም፣ ምስክር አይቆጠርበትም። የሚያሞኘን ሰው ከቤት ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መምህር ሆኜ እንጅባራ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ቃላድ ሊጣል ነው ተባለ። ቃላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው፤ ለገበሬው ግን ርስት ሊነካና ግብር ሊከመር ነው ማለት ነበር። ለኪዎቹ በሄዱበት ሁሉ የሚያናግራቸው ጠፋ። በመጨረሻ የወረዳው ሹም መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ገበያ መጣና አስጠራኝ። ሕዝቡን በአገውኛ አሳምንልን አለኝ።

«ግብር ይጨምራል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እሱን ተወው። አንተ ፍርሃታቸውን ብቻ አብርድልን፤ የአገራቸው ልጅ ነህ፣ ይሰሙሃል።»

ማቆም የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። አላቆምኩም። ጎረምሳ ነበርኩ፤ ድምፄ ገበያውን ሞልቶ እስከ ቀርከሃው አጥር ድረስ ሲያስተጋባ ስሰማ ልቤ አበጠ። ሹሙ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለውን ተናግሬ ስጨርስ የሕዝቡ ፊት እንደተኮሳተረ ነው። ያን ጊዜ ማንም ያላዘዘኝን ከራሴ ጨመርኩ፤ «ግብራችሁ አይጨምርም! እኔ ልጃችሁ ነኝ፤ እናንተን አታልዬ የት እገባለሁ?»

አጎቴ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ በአገውኛ ጠየቁኝ።

«ይህ የሹሙ ቃል ነው ወይስ ያንተ?»

ሹሙን አየሁት። አገውኛ አይሰማም፤ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ሌላ አልጠየቁም። ለኪዎቹን ራሳቸው እየመሩ ማሳቸው ወሰዷቸው፤ የገመዱንም አንድ ጫፍ በገዛ እጃቸው ያዙላቸው። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ ተከተለ።

ግብሩ ጨመረ። እንዴት አድርጎ ጨመረ! አጎቴ ያንን ፈረስ ጫግኒ ወርደው ሸጡት። ጎረቤቶቻቸውም አኮረፏቸው፤ የእህታቸው ልጅ ነዋ ያሳመናቸው።

ከዚያ በኋላም ሰው ማሳመን አልተውኩም። ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት አስገቡ እያልኩ በየሰንበቴው ለምኛለሁ፤ ብዙዎች ሰምተውኛል። ይኼኛው ከዚያኛው በምን ይሻላል እያልኩ ከራሴ ጋር ስንት ዘመን ተሟገትኩ። ስለ ትምህርት ቤቱ የማውቀውን ነው የተናገርኩት። ያን ዕለት ግን የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ፣ ለዚያውም በእናቴ ቋንቋ ማልኩበት። ሹሙ አላስገደደኝም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው!

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። የፈረሱ ጋጣ ባዶውን ተከፍቶ ነበር። ገብቼ በአገውኛ ሰላም አልኳቸው። አጎቴ ከመደባቸው ተነሡ። ያሳደጉኝ ሽማግሌ ለእኔ ተነሡ! ኩታቸውን ለሹም እንደሚደረገው አደግድገው፣ በተሰባበረ አማርኛቸው «እንደምን ዋሉ?» አሉኝ።

እግራቸው ላይ ወድቄ በአገውኛ ለመንኳቸው። አለቀስኩ።

«ግድ የለም፤ ይቀመጡ፣ መምህር» አሉኝ፤ አሁንም በአማርኛ።

እስኪሞቱ ድረስ ከእኔ ጋር አገውኛ አልተናገሩም።